ትንንሾቹ ያሉበት ካብ

ዴሊያን ያየ ጎብኚ ሁሉ «እንዴት ያለች ልጅ ወዳድ አሮጊት ናት!» ይል ነበር። የመንደራችን ሰው ደግሞ «በዚህ ዕድሜዋ ዝናብ የሚያስመታት ፍራንክ ነው» ይል ነበር። እኔም ከመንደሩ ወገን ነበርኩ። ባሏ ባርትሊ ሲሞት ጡረታውን ትቶላታል፤ ቤቷ ይሞቃል፤ ጣሪያዋ አያፈስም። ታዲያ ሰማንያ የተጠጋች ሴት ቀይ ሻርፕ ተከናንባ፣ ጭቃ ላይ ወንበር አስቀምጣ፣ ለከተማ ልጆች ስለ ተረት ሰዎች ስታወራ ብትውል ሌላ ምን ይባላል?

እኔ ኢሜልዳ ነኝ፤ በሩ ላይ ትኬት የምቆርጠው። እርሻው የፊንታን ነው። ፊንታን የባርትሊ የወንድም ልጅ ነው፤ ደግ ሰው፣ ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ትዕግሥት። የወተት ዋጋ ሲወድቅ ላሞቹን ሸጠና ፍየሎች፣ ግመል የሚመስሉ ሁለት ላማዎችና አንድ አኩራፊ ድንክ ፈረስ ገዛ። በየዛፉ ግንድ ላይ መዳፍ የምታህል ቀለም የተቀባች በር ቸነከረ፤ የተረት ሰዎች ቤት መሆኑ ነው። ከዳብሊንና ከሊምሪክ ሰው ልጆቹን ይዞ እየመጣ እነዚያን በሮች ሲያንኳኳ ይውላል። እኛ በምዕራብ አየርላንድ ያለን ሜዮዎች በእግር ኳስ አይቀናን እንጂ ሰው ለማሞኘት ማንም አይችለንም።

ኮረብታው ላይ ያለውን ካብ ግን ፊንታን አልሠራውም። ክርስትና ወደዚህ አገር ሳይገባ እንደነበረ የመንግሥት ሰሌዳ ተተክሎበታል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተከበበ ክብ ነው፤ መሐሉ ሣር፣ ሣሩ ላይ አንድ የጎበጠ እሾሃማ ዛፍ። በልጅነታችን እዚያ መግባት አይፈቀድልንም ነበር። ላም እንኳ ከገባች ከውጭ ሆነው በጠጠር ነው የሚያስወጧት። «ለምን?» ስንል «ትንንሾቹ አሉበት» ይሉናል። እኛ የምናውቃቸው ትንንሾች ከመሬት በታች የሚኖሩትን፣ ወተት የሚያበላሹትን፣ የሰው ልጅ ሰርቀው የራሳቸውን የሚተኩትን ነው። በስማቸው መጥራት ስለማይወደድ ትንንሾቹ ይባላሉ። እኔም በዚሁ አምኜ አደግሁ፤ በዚሁ አምኜ አረጀሁ።

ቃሉ ግን ሁለት ፊት ነበረው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ አንባቢ እንደኔ ግራ እንዳይገባው ግን ከወዲሁ ልናገር።

ዴሊያ ባገባች በሁለተኛው ዓመት አማጠች። ልጁ ሞቶ ወጣ። «ልየው» ስትል አዋላጇ «ባታይው ይሻልሻል» ብላ በፎጣ ጠቅልላ ወሰደችው። ወንድ መሆኑን እንኳ ያወቀችው አዋላጇ አምልጧት «እሱ» ስትል ሰምታ ነው። ያን ጊዜ በእኛ በካቶሊኳ ቤተ ክርስቲያን፣ ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን የተባረከ አፈር አይገባውም። ገነት አይገባም፤ ገሃነም አይገባም፤ አምላኩን በማያይበት አንድ መሐል ቦታ ለዘላለም ይቀራል፤ ካህኑ የሚሉት ይህን ነበር። ስለዚህ እንዲህ የሆነበት አባት ሁሉ ሲመሻሽ፣ ሰው ሳያየው፣ ልጁን ወደ ካቡ ይወስደዋል። ካህን የለ፣ ጸሎት የለ፣ ለቅሶ የለ፤ እናት አትከተል። ባርትሊ ልጁን በሳሙና ሣጥን አድርጎ ወጣ። ተመልሶ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ላሞቹን አለበ። ላም ሐዘን አታውቅም፤ ጡቷ ከሞላ ትጮኻለች።

ጎረቤት ሲጠይቅ «ትንንሾቹ ጋ ሄደ» ይባላል፤ በቃ። ለልጅ ማስፈራሪያ የሆነው ቃል ለትልቅ ሰው መርዶ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው ነገሩን አያነሳም። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይላሉ፤ ባርትሊ የቀበረ ሆኖ ሳለ የት እንደቀበረ ለልጁ እናት ሳይነግር ዓመታት አለፉ። እሷም አልጠየቀችም። ሌላ ልጅ አልወለዱም። በአንድ ማዕድ ድንች ልጠው እየበሉ፣ እሑድ እሑድ አብረው ቅዳሴ እየሄዱ ኖሩ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ቢባልም ባርትሊ ጠጥቶም የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ያወጣው ሞት ነው። ሳንባው ውሃ ይዞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ዴሊያ ሻይ እያቀዘቀዘችለት፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ እንደተከለ ተናገረ።

«ከእሾሁ ሥር ነው። በፀሐይ መውጫ በኩል። ነጭ ድንጋይ አድርጌበታለሁ።»

ስለ ማን ነው የምታወራው አላለችውም። ሻዩን አጠጣችው።

እንግዲህ ባርትሊ ከተቀበረ በኋላ ያ ቦታ የሷ ነው፤ ግን እንዴት ትሂድ? በእኛ መንደር አንዲት ሴት ከመንገድ ወጣ ካለች የማታ ማታ ሰባት ሰው ስለሷ ያወራል። መሬቱ የፊንታን ነው። «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» የሚላት አታጣም፤ እሷ ደግሞ የምትመልሰው የላትም። በዚህ መሐል ፊንታን ካቡ ላይ «የትንንሾቹ መንገድ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ለጎብኚ ከፈተው። በሳምንቱ ዴሊያ ቦት ጫማዋን አድርጋ መጣች። እኔ ትኬት ቤቱን ቀለም እየቀባሁ ነበር፤ ሰምቻለሁ።

«ሥራ ስጠኝ» አለችው።

«ምን ሥራ አክስቴ?»

«እዚያ ላይ ተቀምጬ ለልጆቹ ተረት ላውራ።»

«አንቺ? በሰርጌ ቀን እንኳ ከ'ደህና ነኝ' ሌላ ቃል ከአፍሽ አልወጣም እኮ!»

«ያን ቀን የሚወራ አልነበረኝም።»

ፊንታን ሳቀና ከበሩ አጠገብ፣ ዳስ ሥር ሊያስቀምጣት አለ። እሷ እምቢ አለች። «ከእሾሁ ዛፍ ሥር ካልሆነ አልመጣም» አለች። እሱም ለቱሪስት ደስ የሚል ሥዕል ሆኖ ስለታየው ተስማማ። ቀይ ሻርፕ ገዛላት። እሷ ወንበሯን ከነጩ ድንጋይ ጎን አደረገችና የጫማዋን ጠርዝ አስጠግታ ተቀመጠች። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ትዘረጋለች እንጂ አትነሳም። ከልጇ ጋር መዋሏ ነው፤ እኛ ፍራንክ ስትለቅም ትመስለን ነበር።

ልጆቹን እንዲህ ትላቸው ነበር፦ «ፍየሉን ንኩ፤ ግድግዳውን ንኩ፤ እኔንም ብትፈልጉ ንኩኝ። መሬት ላይ ያሉትን ድንጋዮች ግን አትንኩ። የትንንሾቹ ናቸው።»

አንዱ ደፋር «ብነካስ?» ይላታል።

«ታዝናለህ።»

«ማን ሊያሳዝነኝ?»

«እኔ ነኛ!»

ወላጆቹ ይስቃሉ፤ ፎቶ ያነሳሉ። ልጅን አትንካ ማለት ግን ና ንካ ማለት ነው። ፊንታን ከታች በረት አጠገብ የድንጋይ ቀለም መቀቢያ ጠረጴዛ ነበረው፤ ልጆቹ ጥንዚዛም ፊትም ስለው ይዘው ይሄዳሉ። ድንጋዩን ከጠጠር ነጋዴ ነው የሚያመጣው። አንድ ሰኔ ላይ ልጆቹ የነጋዴውን ግራጫ ድንጋይ ትተው በኪሳቸው ነጫጭ ይዘው መውረድ ጀመሩ። ዴሊያ አየች። ያንኑ ቀን ፊንታንን ፍየሎቹ መሐል ያዘችው፤ እኔም የቀኑን ሒሳብ ላስረክበው ሄጄ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ፊንታን፣ ከካቡ ውስጥ ድንጋይ አይውጣ።»

«ከግድግዳው አንድ አላስነካም አክስቴ። መንግሥት ያስረኛል።»

«የግድግዳውን አላልኩም። ሣሩ ላይ ያለውን ነው።»

«ሣሩ ላይ ያለውማ ድንጋይ ነዋ።»

«የትንንሾቹ ነው አልኩህ!»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ!» አለና ትከሻዋን አቀፋት። «ልክ እንደዚህ በያቸው። ፊትሽንም እንደዚሁ አድርጊው። ወርቅ እኮ ነሽ አክስቴ፤ አንቺ 'የትንንሾቹ ነው' ስትያቸው ልጆቹ ያብዳሉ!»

ዴሊያ ከእቅፉ ወጣች። ያ ቃል ዕድሜ ልኳን ሲሸፍንላት የኖረ ቃል ነው፤ ከሱ ወዲያ የምትናገርበት ሌላ ቃል አልነበራትም። ሽቅብ ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋንም እዚያው ትበላ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ለዓይኗ ሞራ ጋልዌይ ከተማ ሆስፒታል ቀጠሮ ደረሳት። አገሩ ሁሉ ከሚያርፍበት ከነሐሴው በዓል በፊት ባለው ዓርብ ነው። ልትቀር አሰበች፤ እኔው ነኝ «ልትታወሪ ነው?» ብዬ በመኪና የወሰድኳት። ሐኪሙ ሞራውን አውጥቶ ዓይኗን አሽጎ «አትጎንበሺ፣ ሳምንቱን ቤት ተኚ» አላት። እኔ ለበዓሉ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ መጣ። ዝናቡም ለወጉ ቆመልን። እኩለ ቀን ሳይሆን የነጋዴው ድንጋይ አለቀ፤ ልጆቹ ደግሞ ጠባቂ የሌለውን ካብ ሲወሩ ዋሉ። ወንበሯን ጎትተው ግድግዳው ላይ መወጣጫ አደረጉት። ሣሩ እንደ ገበያ ሜዳ ተረገጠ።

ሳምንቱ አላለቀም፤ ዴሊያ ረቡዕ ጠዋት በር ሳልከፍት መጣች። ሰላም ብያት ሻይ ላፈላ ገባሁ። ሻዩን ይዤ ሽቅብ ስወጣ፣ አንድ ዓይኗ እንደታሸገ፣ አትጎንበሺ የተባለችው ሴት በአራት እግሯ ሆና ከዛፉ ሥር ሣሩን በእጇ ትፈትሻለች።

«ዴሊያ! ምን ጠፋሽ? ቀለበት ነው?»

«ድንጋይ።»

«እንዴ! ድንጋይ በሜዮ ጠፍቶ ያውቃል?» ብዬ ቀለድኩ።

«ኢሜልዳ» አለች፤ አልተነሳችም፤ «ልጄ ነው።»

የዓይኗ መድኃኒት አናቷ ላይ የወጣ መሰለኝ። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እሷም እዚያው መሬቱን እየዳበሰች፣ እንባ ሳታወጣ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገረችኝ፤ ፎጣውን፣ የሳሙና ሣጥኑን፣ ባርትሊ እጁን ሲታጠብ የውሃውን ድምፅ አልጋ ላይ ሆና መስማቷን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው! እኔ ያን ጠዋት የነቀዘ ዝምታ አይቻለሁ። ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደምናደድ ግን ጠፋኝ። ካህናቱ ሞተዋል። ባርትሊ ሞቷል። አዋላጇ ሞታለች። የቀረነው እኔና እሷ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ይዘን።

«ለፊንታን መንገር አለብን» አልኳት።

«አይሆንም።»

«ካልነገርነው ድንጋዩ አይመለስም።»

ዛፉን ይዛ ተነሳች። «አንቺ ንገሪው። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ» አለች።

ነገርኩት። ፍየል ሊያልብ ባልዲ ይዞ ነበር፤ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ያ ቀይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እዚያ ያሉት ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ማን ቆጥሮ!»

ወደሷ ዞረ። «አክስቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ። የትንንሾቹ ነው አልኩህ።»

«እኔ እኮ... ሌላ መሰለኝ።»

«ሌላ እንዲመስል ነው የሚባለው» አለች ዴሊያ።

ያን ቀን ፊንታን በር ዘጋ። ሰሌዳውን አወረደ። በየግንዱ የቸነከራቸውን በሮች በመዶሻ ሲነቅል ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ከዚያ የእርሻው የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጻፈ፦ ከካቡ ነጭ ድንጋይ የወሰዳችሁ እባካችሁ መልሱልን፤ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ዴሊያ ስሟም ነገሩም እንዳይነሳ ስላለች ከዚህ በላይ አልጻፈም።

ድንጋዮቹ መምጣት ጀመሩ። ፖስተኛው ወገቤን አለ። ሰው ደግሞ ምን እያለ እንደሚልክ! አንዷ «ከወሰድነው ወዲህ ልብስ ማጠቢያችን ተበላሽቷል፤ ትንንሾቹን ይቅርታ በሉልን» ብላ ጽፋለች። ሌላው ድንጋዩን ከቸኮሌት ጋር ልኮታል፤ ጉቦ መሆኑ ነው። የተረት ሰዎች የተቆጡ መስሏቸዋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል፤ እኛ ነን ያልናቸው። ትኬት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ጥንዚዛ የተሳለበት አለ፤ የሜዮ ቡድን ቀለም የተቀባ አለ፤ «አያቴን እወዳታለሁ» የሚል አለ፤ ጥርሱን የሚያሳይ ፊት አለ። የሞቱ ሕፃናት መቃብር ምልክት በየተራ ይስቅብኛል። ሁለት ቀን ፊቴን አዙሬ ነው የሠራሁት።

ዴሊያ መጥታ አንድ በአንድ አነሳች። ገለበጠች። መዘነች።

«የቱ ነው?» አላት ፊንታን፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል።

«አላውቅም» አለች። «እኔ የማውቀው ቦታው ላይ ሲሆን ነው። ከተነሳማ ድንጋይ ነው።»

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ እኔ አልተነፈስኩም። እርሻው እንደገና በተከፈተ ቅዳሜ ኮልማን ትኬት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ኮልማን ከድልድዩ ወዲያ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፤ ልጅ የለውም። ከረባት አስሯል። «አንድ ትኬት» አለኝ።

«ላማ አማረህ እንዴ ኮልማን?» አልኩት። ከዚያ ፊቱን አየሁና አፌን ያዝኩ።

ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን አያቸው። ባርኔጣውን አወለቀ። «የኛዋ እዚህ የለችም» አለ በዝግታ። «እኔ ነጭ አላገኘሁም። ግራጫ ነው ያደረግሁባት።»

ትኬት አልቆረጥኩለትም። ሽቅብ ሲወጣ ሁለቴ ቆሞ ተነፈሰ። ከሱ በኋላ ሌሎች መጡ፤ በዘመኔ ሁሉ የማውቃቸው ሰዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ልብሳቸው፣ አንድም የልጅ ልጅ ሳያስከትሉ። አንዳቸውም ለምን እንደመጡ አልተናገሩም። «አየሩ ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ፤ እየዘነበ።

መልእክቱ የመጣው መስከረም ላይ ነው። ፊንታን ስልኩን ይዞ ወደ ትኬት ቤት ሮጠ፤ ዴሊያ ከኔ ጋር የካም ሳንድዊች እየበላች ነበር። «ተገኘ!» አለ። ቆሞ አነበበልን። የላከችው የሊምሪክ ሴት ናት። ልጇ አምስት ዓመቷ ነው። ልጅቷ ድንጋዩን ያገኘችው ከዛፉ ሥር፣ ፎቶ ላይ ካየቻት ባለቀይ ሻርፕ አሮጊት ወንበር አጠገብ ነው። ቀለም ቅቢው ሲሏት አልቀባም አለች። የአሻንጉሊቷን አልጋ ሰጥታው ማታ ማታ አጠገቧ ካላስተኛችው እንቅልፍ አይወስዳትም። መልሺ ስትባል ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። «ግን ትልቅ ትርጉም አለው ስላላችሁ ተኝታ ሳለ አንስቼ እልከዋለሁ፤ አድራሻችሁን ስጡኝ» ይላል።

«ወንበርሽ አጠገብ የነበረው ነጭ እሱ ብቻ ነው አይደል አክስቴ?» አለ ፊንታን።

ዴሊያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሳንድዊቹን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ነገ ይላካል። ዓርብ ቦታው ላይ እናደርገዋለን። ካህኑንም እጠራለሁ፤ የዛሬው ካህን እምቢ አይልም...»

«ፎቶ አለው?» አለችው።

ስልኩን ሰጣት። በአዲሱ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁ፦ ትንሽ የእንጨት አልጋ፣ ትንሽ ትራስ፣ እስከ አንገቱ በሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ ነጭ ድንጋይ። አንገት ያለው ይመስል።

ፊንታን ሊናገር ሲል በክርኔ ጎሰምኩት።

«አይላክ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ስንት ሳምንት የፈለግነው እኮ ነው!»

«እኔ አንድ ሌሊት አላስተኛሁትም ፊንታን። አንድ።» ስልኩን መለሰችለት። «ልጅቷን አትቀሚያት በላት። ጻፍ፤ እያየሁህ ጻፍ። ብርዱ ሲገባ ግን ያ ጨርቅ ስስ ነው። ደረብ ታድርግለት በላት።»

ፊንታን አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ፣ በዚያ ወፍራም አውራ ጣቱ እየተሳሳተ፣ ያለችውን ጻፈ።